ከእስር ቤቱ ጀርባ የነበረው ፎቶ ቤት

ሴይዱ ኬይታ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ከደንበኞቹ ጀርባ የሰቀለው የመጀመሪያው መጋረጃ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ጫፉ ላይ ዘርፍ ያለው የአልጋ ልብስ። በቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ወጥሮ ሰቀለው፤ ከፊቱ ወንበር አኖረ፤ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመና ደንበኛ መጠበቅ ጀመረ። ዓመቱ 1948 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ባማኮ፣ ባማኮ ኩራ የሚባለው ሰፈር፣ ከከተማው ዋና እስር ቤት ጀርባ። የዛሬዋ ማሊ ያኔ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ የፈረንሳይ ሱዳን ትባል ነበር።

በዚያ የአልጋ ልብስ ፊት የቆሙና የተቀመጡ ሰዎች ምስል ከብዙ ዓመታት በኋላ በፓሪስና በኒውዮርክ አዳራሾች ተሰቅሎ ሕዝብ ተሰልፎ አይቶታል። ስለ ሴይዱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገርም ከዚያ በኋላ ስለመጣው ዝናው ነው። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ ግቢው ነው። ያደግኩት ፎቶ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሥራውን የማየው ከዚያ በኩል ነው። አባቴ ድሬዳዋ ከዚራ ፎቶ ቤት ነበረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የታጠበውን ፎቶ በመቆንጠጫ ገመድ ላይ እሰቅል ነበር፤ ግድግዳው ላይ ለደንበኛ የሚዋስ ኮትና ከረባት ነበር፤ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ። የሴይዱን ፎቶዎች መጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ሳያቸው ዓይኔ የሄደው ወደ ሰዎቹ ፊት አልነበረም። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ መጋረጃው የት ላይ እንዳለቀ፣ ወንበሩ ምን ያህል እንደተጠጋ ነበር የማየው። በአንዳንዶቹ ላይ መጋረጃው አልቆ የግቢው ግድግዳ ብቅ ይላል፤ ከታች የግቢው አቧራ ይታያል። ያ ሁሉ ግን ፎቶውን አያሳንሰውም።

ሴይዱ የተወለደው በ1921 ገደማ እዚያው ባማኮ ነው። ትምህርት ቤት አልገባም። በሰባት ዓመቱ ከአባቱና ከአጎቱ ሥር ሆኖ የእንጨት ሥራ መማር ጀመረ፤ የቤት ዕቃ ይሠሩ ነበር። በ1935 አጎቱ ሴኔጋል ደርሶ ሲመለስ ኮዳክ ብራውኒ የምትባል ትንሽ ካሜራ ይዞ መጣና ለልጁ ሰጠው። ስምንት ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ነበር የምትጎርሰው። የመጀመሪያ ሙከራዎቹ እንዳልተሳኩ፣ ሰዎቹ እየተንቀሳቀሱበት እንደተቸገረ ራሱ ተናግሯል። ቀን እንጨት እየላገ ፎቶውን በጎን ያዘው። ፊልም የሚያሳጥበው የፎቶ ዕቃ ሻጭ ከነበረው ፒየር ጋርኒዬ ከሚባል ፈረንሳዊ ዘንድ ነበር። እጁን ያፍታታለት ግን ሙንታጋ ዴምቤሌ የሚባል የባማኮ መምህር ነው። ሙንታጋ ከማስተማሩ ጎን ፎቶ ያነሳ ነበር፤ ጨለማ ክፍሉንም ለወጣቱ ከፈተለት። ፊልም ማጠብና ማተምን ሴይዱ የተማረው እዚያ ነው።

ይህ የእንጨት ሥራ ልጅነቱ በኋላ ሥራው ላይ ይታያል ብዬ አምናለሁ። አናጺ እንጨቱን ሳይለካ አይቆርጥም። ሴይዱም አስተካክሎ ሳይጨርስ አይጫንም ነበር፤ ምክንያቱም ለአንድ ፎቶ ያለው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። ፊልም ውድ ነው። ካሜራው ትልቅ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ባለ 13 በ18 ሳንቲሜትር ፊልም ብቻ ይገባበታል። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ራሱን ያስገባል፤ ከፊቱ ያለው መስታወት ላይ ደንበኛው ተዘቅዝቆ፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ይታየዋል። እዚያ ላይ ጥራቱን ያስተካክላል። ከዚያ ፊልሙን ሲያስገባ መስታወቱ ስለሚከለል ደንበኛውን በካሜራው ውስጥ ማየት ያበቃል። ከጨርቁ ወጥቶ፣ በገዛ ዓይኑ ደንበኛውን እያየ፣ ትክክለኛዋን ቅጽበት ጠብቆ ይጫናል። ደንበኛው ከተነቃነቀ፣ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ትከሻው ከወደቀ ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው። አባቴ 12 ፎቶ በሚያነሳ ፊልም ነበር የሚሠራው፤ እሱ እንኳ ሁለተኛ ሲያነሳ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ሴይዱ ይህን ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ፣ በቀን ብዙ ሰው እያስተናገደ፣ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እየተጫነ ሠራው። በሺዎች የሚቆጠሩ ፊልሞቹን ያየ ሰው በዚህ መደነቁ አይቀርም።

የህትመቱም ነገር እንዲሁ ነው። ፊልሙ ትልቅ ስለሆነ ማሳደጊያ መሣሪያ አያስፈልገውም። ፊልሙ ወረቀቱ ላይ በቀጥታ ይጋደማል፣ ብርሃን ይበራበታል፣ ይታጠባል፤ ያው በፊልሙ ልክ ፎቶ ይወጣል። ምንም ነገር ስለማይጎተትና ስለማይሰፋ የልብሱ ክር፣ የጆሮ ጌጡ፣ በፊት ላይ ያለው የዘር ምልክት ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ደንበኛው ቤቱ ይዞት የሚሄደው በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነገር ነው። የሚፈልግም ሰው ጌጡንና ጥፍሩን በእጅ ቀለም ያስቀባዋል። ከፎቶው ላይ ‹‹ፎቶ ኬይታ ሴይዱ›› የሚል ማኅተም ይመታበታል። ያ ማኅተም ባማኮ ውስጥ የክብር ምልክት ሆኖ ነበር፤ ሴይዱ ዘንድ መነሳት ራሱ ወሬ ነው።

ደንበኞቹ ከየት መጡ? የባቡር ጣቢያው ከፎቶ ቤቱ ብዙም አይርቅም። ከዳካር ተነስቶ ባማኮ የሚደርሰው ባቡር ነጋዴውን፣ ተጓዡን፣ ሥራ ፈላጊውን ያወርድ ነበር። ገበያው ቅርብ ነው፣ ሲኒማ ቤቱም ቅርብ። የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ወታደሮች፣ ባለሱቆች፣ ሙሽሮች፣ ከወር ደመወዛቸው ላይ ለፎቶ የቀነሱ ወጣቶች ይመጡ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ሰልፍ ነው። ይህን ለማሰብ አልቸገርም። የባቡር ከተማ ልጅ ነኝና ባቡር ሲገባ ፎቶ ቤት እንዴት እንደሚሞላ አይቻለሁ። ሰው አዲስ ከተማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ለቤተሰቡ ‹‹ደህና ነኝ›› የሚል ፎቶ መላክ ነው። በእኛ ሀገር ከፎቶው ጀርባ ‹‹ለማስታወሻ›› ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ አይደል!

ሴይዱ ለደንበኛው የሚያቀርበው ነገር ብዙ ነበር። የአውሮፓ ልብስ፣ ኮት ከነከረባቱ፣ ኮፍያና ጫማ ነበረው። የእጅ ሰዓት፣ ብዕር፣ መነጽር፣ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ የፕላስቲክ አበባ ነበረው። ቬስፓ ነበረው። በኋላ የራሱን ፔጆ 203 መኪና ግቢ ውስጥ አቁሞ ደንበኞቹን ከእርሱ ጋር ያነሳ ነበር። የራሷን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ወርቋን አድርጋ የምትመጣ ሴት ደግሞ ከቤቱ ምንም አትፈልግም፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋት ልብሷ ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ነው፤ እሱም ቀሚሱን ዘርግቶ ያስተካክልላታል። ግድግዳው ላይ ናሙና ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ ደንበኛው ‹‹እንደዚህ አንሳኝ›› ብሎ ያመለክታል። ሴይዱ ይሰማል፤ ከዚያ ግን የራሱን ይጨምራል። ጭንቅላቱን ትንሽ ያዘነብላል፤ ትከሻውን ወደ ጎን ያዞራል፤ ጣቶቹን አርዝሞ ጉልበት ላይ ያስቀምጣል። ለጣት ያለው ትኩረት የተለየ ነው፤ ረጅም ጣትና ጌጥ በእርሱ ዘንድ የውበት ምልክት ነበሩ። ፎቶ ማንሳት ቀላል እንደሆነ፣ እርሱን ከሌላው የለየው ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን አቀማመጥ ማግኘት መቻሉ እንደሆነ በቃለ ምልልስ ተናግሯል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች በዚህ ቦታ ላይ ይሳሳታሉ ብዬ አስባለሁ። የተዋሰ ኮት፣ የተዋሰ ሬዲዮ፣ የተዋሰ መኪና፤ ‹‹ታዲያ ይህ ውሸት አይደለም?›› የሚል ነገር ይነሳል። አይደለም። ለጉርድ ፎቶ ከአባቴ ግድግዳ ኮት አውርዶ የሚለብስ ሰው ማንንም አያታልልም፤ ልጆቹ እንዲያዩት የሚፈልገውን ሰው ይመርጣል እንጂ። በቅኝ አገዛዝ ዘመን አፍሪካውያንን ያነሱ የነበሩ የውጭ ሰዎች ብዙዎቹ የተነሺውን ፈቃድ አይጠይቁም ነበር፤ ሰውዬው በፖስታ ካርድ ላይ ‹‹የእንዲህ ያለ ጎሣ ሰው›› ተብሎ ይሸጣል። በሴይዱ ግቢ ውስጥ ተነሺው ከፋዩ ነው። ራሱ መጥቷል፣ ራሱ መርጧል፣ ፎቶውን ወስዶ የሚሰቅለው በገዛ ግድግዳው ላይ ነው። የሴይዱ ትልቅነት ያለው ይህን አገልግሎት ከልቡ ይዞ መሥራቱ ላይ ነው።

ስለ መጋረጃዎቹ ትንሽ ልቆይ። የአልጋ ልብሱን ለተወሰኑ ዓመታት ከተጠቀመበት በኋላ ቀየረው፤ ከዚያ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀይራል። አንዱ አበባ አለው፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ የተጠማዘዘ ሐረግ፣ መጨረሻ ላይ ምንም ያልተሳለበት ግራጫ ጨርቅ መጣ። ቀኑን ባይመዘግብም፣ በስተርጅናው ፎቶዎቹ ሲወጡ ዘመናቸውን የሚለየው በመጋረጃው ነበር። ደንበኞቹ ደግሞ የሚለብሱት በጣም ያጌጠ የህትመት ጨርቅ ነው፤ ያጌጠው ቀሚስ ባጌጠው መጋረጃ ላይ ሲያርፍ መጥፋት ሲገባው ፊቱ ወደፊት ይመጣል። ይህን ያሰበበት ይመስላል። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ያጋጠመ እንደሆነ ተናግሯል። ለእኔ ዋጋ ያለው ሐቀኝነቱ ነው፤ ከፍ አድርገው ሲያወሩለት ያልሠራውን አልጨመረም።

ከፎቶዎቹ መካከል ሦስቱን ላንሳ። አንደኛው ነጭ ኮት የለበሰ፣ ሰፊ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ደረት ኪሱ ላይ ብዕር የሰካ ወጣት ነው፤ በጣቶቹ አንድ አበባ ይዞ ካሜራውን ያያል። ይህ በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ሁለተኛው በአልጋ ላይ ጋደም ብላ በክንዷ የተደገፈች ሴት ናት፤ የቀሚሷ ጌጥና የአልጋው ጨርቅ ተዋህደው ዓይን የሚያርፍበት ፊቷ ብቻ ነው። ሦስተኛውን የበለጠ እወደዋለሁ። ግዙፍ ሰውዬ ሰፊ ነጭ ልብስ ለብሶ ትንሽ ሕፃን ይዟል። ልጁ ግራ የገባው ይመስላል፤ አባትየው ምንም አላለም፤ እጁ ብቻ ሁሉንም ይናገራል። እንዲህ ያለ ፎቶ ለማንሳት ሕፃኑ ጸጥ እስኪል መጠበቅ አለ፤ እናትየው ከካሜራው ኋላ ሆና ታጫውተው እንደሆን አስባለሁ። ፎቶ ቤት ያደገ ሰው የሚያስበው ይህን ነው።

ማሊ በ1960 ነፃ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ መንግሥት ሴይዱን የመንግሥት ፎቶ አንሺ አደረገው፤ ብዙም ሳይቆይ የግል ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። እስከ 1977 ድረስ መንግሥትን አገልግሎ ጡረታ ወጣ። ዓለም የሚያውቀው ሥራው በሙሉ ግቢው ውስጥ የሠራው፣ ከ1948 እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ያለው ነው። ከጡረታ በኋላ ካሜራውን ተወ። የቀለም ፎቶ መጥቶ ነበር፤ ሥራውን መሣሪያው የሚሠራበት ዘመን ስለሆነ አልወደደውም። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስደስተው ነበር፤ ሞተር ብስክሌት እየጠገነ ኖረ። ፊልሞቹ ግን በሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ በሥርዓት ያስቀመጣቸው እሱ ራሱ ነው። ለእኔ ከፎቶዎቹ እኩል የሚያስከብረው ይህ ነው። የሚገዛው፣ የሚጠይቀው በሌለበት፣ ሙቀትና አቧራ ባለበት ከተማ ሥራውን ሳይጥል አቆየ።

በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ተደረገ። ከባማኮ የመጡ ጥቂት የግለሰብ ፎቶዎችም ነበሩበት። ከሥራቸው የተጻፈው ‹‹ፎቶ አንሺው ያልታወቀ›› የሚል ነው። ዣን ፒጎዚ የሚባል የሥነ ጥበብ ሰብሳቢ አይቷቸው ተደነቀና አንድሬ ማኛን የተባለውን ፈረንሳዊ ባለሙያ አንሺውን እንዲያፈላልግ ወደ ባማኮ ላከው። ማኛን ባማኮ ደርሶ ፎቶዎቹን ሲያሳይ ማሊክ ሲዲቤ የተባለው ሌላው የከተማዋ ዕውቅ ፎቶ አንሺ የሴይዱ ሥራ መሆኑን ነገረው፤ ወደ ሰውዬውም መራው። ‹‹ያልታወቀ›› የተባለው ኒውዮርክ ውስጥ ነው እንጂ ባማኮ ውስጥ አልነበረም። ባማኮ ማኅተሙን ያውቃል። ሲዲቤም ፎቶዎቹን የራሱ ማድረግ ወይም ዝም ማለት ይችል ነበር፤ እውነቱን ተናገረ። ኋላ ላይ እሱ ራሱ በ2003 የሃሰልብላድን ሽልማት፣ በ2007 ደግሞ በቬኒስ ቢየናሌ ለሕይወት ዘመን ሥራው የወርቅ አንበሳን አገኘ፤ ለፎቶ አንሺ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

በ1994 ፓሪስ ያለው የካርቲዬ ፋውንዴሽን የሴይዱን ሥራ ለብቻው አሳየ። በዚያው ዓመት ባማኮ ውስጥ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ቢየናሌ ተጀመረ፤ ሥራው በዚያም ቀረበ። ፊልሞቹ በትልቁ ታትመው ሲያይ የተሰማውን እንዲህ ብሎ አስረድቷል፤ ያኔ ነው ሥራው በእውነት ጥሩ መሆኑን ያወቀው። ዕድሜው ሰባ አልፎ ነበር። በ2001 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። በ2016 ግራን ፓሌ ውስጥ ሰፊ ዐውደ ርዕይ ተደረገለት።

ትልቁ ህትመት ግን ጥያቄ አለበት። በመዳፍ የምትያዝ ፎቶ ከሰው ቁመት የሚስተካከል ሆና፣ ጥቁሩ የበለጠ ጠቁሮ፣ ነጩ ነጥቶ ስትሰቀል ደንበኛው የከፈለበት ፎቶ ናት ለማለት ይከብዳል። ደስ ያለው ሴይዱ ራሱ ስለሆነ ተቃውሞዬን አላጠነክርም። ሆኖም ከ1950ዎቹ የቀሩትን ትንንሾቹን የመጀመሪያ ህትመቶች ያየ ሰው ልዩነቱን ይረዳል። ግራጫው ለስላሳ ነው፤ ጠርዙ በጣት ብዛት ያረጀ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ ሕግ ነው። ከሞተ በኋላ በፊልሞቹ ባለቤትነት ላይ ክርክር ተነስቶ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሠላሳ ዓመት ግቢ ውስጥ በሣጥን የተቀመጠ ነገር ዋጋ ሲያወጣ የማን እንደሆነ ለመለየት ብርቱ ጭቅጭቅ አስከተለ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የሴይዱ ፎቶዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ‹‹ርዕስ የለሽ›› ተብለው ነው የሚታወቁት። አበባ የያዘው ወጣት ማን ነበር? ሕፃኑን የያዘው አባትስ? ስማቸውን የሚያውቁት ደንበኛውና ቤተሰቡ ናቸው፤ ፎቶው ከቤት ወጥቶ ሲሄድ ስሙ አብሮ አልሄደም።

ስለዚህ ለአንባቢዬ የምለው አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ በብስኩት ጣሳ፣ በአልበም፣ በቁምሣጥን ሥር ያሉ ፎቶዎች ካሉ አውርዷቸው፤ እናታችሁን፣ አያታችሁን፣ አክስታችሁን ጎን ተቀምጣችሁ ጠይቁ። ስሙን፣ ከተማውን፣ ዘመኑን፣ ያነሳውን ፎቶ ቤት ስም ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋልና አትጠቀሙ። የፎቶ ቤት ልጆች የሆናችሁ ደግሞ አደራ፤ የአባቶቻችሁን ኔጌቲቭ ቤት ሲታደስ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ። ከእርጥበትና ከሙቀት አርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። ሊያሳትም ወይም ሊያሳይ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣም በጽሑፍ ሳትዋዋሉና ምን ያህል እንደሰጣችሁ ሳትቆጥሩ አንድም አትስጡ።